ቻርጀር ሊገጥም መጥቶ የመብራት ታሪፌን ያስተካከለልኝ ልጅ

ሰላም ወገኖች፣ በተለይ ለንደን ውስጥ መሪ ጨብጣችሁ ለምትውሉና ለምታመሹ። ዛሬ የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። ልጁ የራሳችን ሰው ነው፤ ኤሌክትሪሺያን ነው። ቶተንሃም ያለው ቤቴ የመጣው የመኪና ቻርጀር ሊገጥም ነበር። ገጠመም፤ እጁ ይባረክ። ግን ቻርጀር የሚገጥም ሰው ሞልቷል። ይህን ልጅ የማመሰግነው ከመግጠሙ በፊት ስለጠየቀኝ ጥያቄዎች ነው።

ነገሩን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ከ2023 መጀመሪያ ወዲህ ለንደን ላይ ለኡበርና ለመሰል ሥራ አዲስ ፈቃድ የሚወጣለት መኪና ያለ ጭስ መሄድ የሚችል መሆን አለበት። እኔም ፕሪየሴን ሸኝቼ ኪያ ኒሮ ያዝኩ። ሙሉ ኤሌክትሪክ ናት፣ ባትሪዋ 64 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በመኪናዋ ምንም ቅሬታ የለኝም። የሚያቃጥለው ማስሞላቱ ነው። መንገድ ላይ ያሉት ፈጣን ቻርጀሮች ለአንድ ዩኒት 75 ፔንስ፣ ሲብስም ከዚያ በላይ ያስከፍላሉ። ዩኒት የምለው ቢላችን ላይ እንደሚጻፈው አንድ ኪሎዋት ሰዓትን ነው። እኔ በአንድ ፈረቃ 120 ማይል ገደማ እነዳለሁ፤ ይሄ ሲሞላ ከሚባክነው ጋር ወደ 35 ዩኒት ይበላል። 26 ፓውንድ በፈረቃ ማለት ነው! እዚያ ዋጋ ውስጥ ደግሞ ቫቱ በ20 ከመቶ የተሰላ ነው። ቤቱ ለሚሞላ ሰው 5 ከመቶ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የደወልኩት ለአንድ ኩባንያ ነበር። ስሙን አልጠራም። ስልኩን ያነሳው ሰው ቤቴን ሳያይ፣ ስንት ሰዓት እንደምገባ ሳይጠይቅ ዋጋ ነገረኝና የካርድ ቁጥር አምጣ አለ። «ታሪፉስ እንዴት ነው?» ስለው «እሱን ከመብራት ድርጅትህ ጋር ጨርስ» ብሎኝ እርፍ። በኋላ ሂትሮው ኤርፖርት፣ የሾፌሮች መጠበቂያ ላይ አንድ ወንድማችን የዚህን ልጅ ስልክ ሰጠኝ።

ልጁ መጣ። ግድግዳውን ይለካል ብዬ ስጠብቅ «ጋሼ፣ መጀመሪያ ቆጣሪውን ያሳዩኝ» አለ። ደረጃ ሥር ካለው ጓዳ ገባ፤ መጥረጊያውንና የጫማ ካርቶኑን ገለል አድርጎ በስልኩ መብራት አየ። ዋናው ፊውዝ 60 አምፔር ነው። ከዚያ ብቅ አለና ወደ ባለቤቴ ዞረ።

«እትዬ፣ ሻወሩ በኤሌክትሪክ ነው የሚሞቀው? እንጀራስ የሚጋግሩት መቼ መቼ ነው?»

ባለቤቴ ሳቀች። «የኔ እንጀራ ከሱ መኪና ጋር ምን አገናኘው?» አለችው።

የቢላችንን ጀርባ ገልብጦ ጻፈላት። ሻወሩ ሲበራ 40 አምፔር ገደማ። ካገር ቤት የመጣው ምጣድ 15። ቻርጀሩ 32። ሲደመር 87፤ ፊውዙ ደግሞ 60። እሷ እየጋገረች ልጄ ሻወር ቢገባና እኔ መኪናዬን ብሰካ፣ ያ ሁሉ ጭነት በአንድ ፊውዝ ላይ ነው። መፍትሄውም ወዲያው ተነገረን። ቻርጀሩ የቤቱን ጭነት የሚለካ ሴንሰር ይገጠምለታል፤ ቤቱ ብዙ ሲስብ ቻርጀሩ ራሱን ይቀንሳል። የአካባቢውን የመብራት መስመር ለሚያስተዳድረው ለዩኬ ፓወር ኔትዎርክስ የሚሄደውን ማሳወቂያ ራሱ ሞላልን። ከጎረቤት ጋር የምንጋራው ገመድ መኖሩንም አብሮ አጣራ። እዚህ አገር ባሉ የድሮ ተያያዥ ቤቶች ሁለት ቤት ባንድ ገመድ መብራት የሚገባላቸው ብዙ ናቸው። እኛ ከዚህ ጣጣ ተርፈናል።

አሁን ወደ ታሪፉ ልምጣ። ሰዓቱን በኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

እንግሊዝ አገር መብራት በጣም የሚፈለገው ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ድረስ ነው። ሰው ከሥራ ይገባል፣ ምድጃ ይለኩሳል። ሌሊት ግን አገሩ ተኝቷል፤ የባሕሩ ንፋስ ግን አይተኛም፣ ኑክሌሩም አይጠፋም። ስለዚህ ድርጅቶቹ ያን ጊዜ በርካሽ ይሸጣሉ። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ኢኮኖሚ 7 የሚባለው የሌሊት ታሪፍ ከ1978 ጀምሮ አለ። ካውንስል ቤት ውስጥ በሌሊት የሚሞቅ ማሞቂያ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። አዲሱ ነገር ለመኪና ተብለው የወጡት ታሪፎች ናቸው። እኔ በገባሁበት በ2025 ተራው ዋጋ በዩኒት 26 ፔንስ አካባቢ ነበር። የመኪናው ታሪፍ ሌሊት ላይ ከ7 እስከ 9 ፔንስ ነበር። የኔ 35 ዩኒት በተራው ዋጋ 9 ፓውንድ፣ በ7 ፔንሱ ሁለት ፓውንድ ተኩል አይሞላም።

«እንግዲያው ርካሹን ያዝልኝ» አልኩት። ልጁ ግን «ጋሼ፣ ሥራ ጨርሰው ስንት ሰዓት ነው የሚገቡት?» ብሎ ጠየቀኝ።

እኔ የማታ ሰው ነኝ። ከቀኑ 10 ሰዓት እወጣለሁ፤ በሥራ ቀን ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ ዓርብና ቅዳሜ 10 ሰዓት እገባለሁ። በብዛት የሚወራለት፣ ኦክቶፐስ የሚባለው የመብራት ድርጅት ታሪፍ፣ ኦክቶፐስ ጎ፣ ርካሽ ሰዓቱ ከሌሊቱ 6:30 እስከ 11:30 ነው። አምስት ሰዓት በ7 ኪሎዋት ቻርጀር 35 ዩኒት ነው፤ ልክ የኔ ፍጆታ። ግን ለማን? ማታ 2 ሰዓት ላይ ገብቶ ለሚተኛ ሰው። እኔ 8 ሰዓት ከገባሁ የሚቀረኝ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው፤ 24 ዩኒት ገደማ። ዓርብ ሌሊት ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል፣ 10 ዩኒት። ቀሪው በቀኑ ዋጋ ይሞላል፤ የቀኑ ዋጋ ደግሞ በነዚህ ታሪፎች ከተራው በዩኒት ከ3 እስከ 4 ፔንስ ከፍ ይል ነበር። ማስታወቂያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው የሌሊቱ ዋጋ ብቻ ነው። ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር።

ከተራ ሶኬት አስሞላለሁ የምትሉም ይህን ስሙ። ከሶኬት በሰዓት ሁለት ዩኒት ከምናምን ነው የሚገባው። በአምስቱ ርካሽ ሰዓት 11 ዩኒት ብታገኙ ነው። ብዙ ለሚነዳ ሰው ርካሽ ታሪፍ ይዞ ቻርጀር አለመግጠም ትርጉም የለውም።

ለኔ የመረጠልኝ ኢንተለጀንት ኦክቶፐስ ጎ የሚባለውን ነው። ቤቱ በሙሉ ከምሽቱ 5:30 እስከ ሌሊቱ 11:30 በርካሹ ዋጋ ይታሰባል። መኪናዋን መቼ እንደሚሞላ ግን የሚወስነው ድርጅቱ ነው። እኔ መተግበሪያው ላይ «ይህን ያህል ይሙላ፣ በዚህ ሰዓት ይድረስልኝ» እላለሁ። ድርጅቱ ራሱ ከ11:30 በኋላ ካስሞላት እኔ በገባሁበት ውል ያም በርካሹ ይታሰባል። መኪናዬ ከንጋት እስከ ከሰዓት በር ላይ ቆማ ነው የምትውለው፤ እንዲህ ያለው ታሪፍ ለማታ ሾፌር ነው የተሰፋው። ሁሉም መኪና፣ ሁሉም ቻርጀር አይቀበለውም። ልጁ ቻርጀሩን የመረጠው ከታሪፉ በኋላ የሆነውም ለዚህ ነው። ሌላ ድርጅት ደግሞ እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት የሚዘልቅ ርካሽ ሰዓት ያለው ታሪፍ ነበረው። እሱንም አስልቶ አሳየኝ፤ ለሥራ ቀን ይበቃኛል፣ ለቅዳሜና እሁድ ንጋት ግን ያጥረኛል።

የባለቤቴን ነገርም አልረሳም። እኛ ቤት ከመኪናው ሌላ በቀን 10 ዩኒት ያህል መብራት ይበላል። የቀኑ ዋጋ በ3 ወይ በ4 ፔንስ ሲጨምር በቀን 30፣ 40 ፔንስ ነው። ከመኪናው የሚተርፈው ከ6 ፓውንድ በላይ ነው። «እትዬ፣ እንጀራዎን በፈለጉት ሰዓት ይጋግሩ» አላት። እሷም «ድሮስ ለሳንቲም ብዬ እኩለ ሌሊት ምጣድ ላሰማ ኖሯል?» አለችው። የልብስ ማድረቂያውን ግን ተኝታችሁ አታስነሱ ብሎ አስጠንቅቆናል፤ የእሳት አደጋ ሰዎችም የሚሉት ይህንኑ ነው። እኔ 8 ሰዓት ስገባ ነቅቼ እራቴን እየበላሁ ነው የማስነሳው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው የልጁን ሐቀኝነት እንድታዩልኝ ነው። ድርጅቱ ደንበኛ ላመጣ ሰው 50 ፓውንድ፣ ለገባውም 50 ፓውንድ ይሰጣል። «ጋሼ፣ በኔ ሊንክ ከገቡ እኔም 50 አገኛለሁ፤ ይህን አውቀው ይወስኑ» አለኝ። ማን ይናገራል እንዲህ? ጎረቤታችን የሆነች እህት ደግሞ መኪናዋን እሁድ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድና አልፎ አልፎ ለገበያ ነው የምትነዳው። እኛን አይታ እሷም ልትገጥም ጠራችው። በሳምንት 10 ዩኒት አካባቢ ነው የምትሞላው። ከሱ የምታተርፈው ወደ ሁለት ፓውንድ፤ በቀኑ ዋጋ የምታጣው ከሁለት ፓውንድ በላይ። ቁጥሩን አሳይቷት «እህቴ፣ ባሉበት ታሪፍ ይቆዩ፤ ለርስዎ ሶኬቱ ይበቃል» ብሏት ሄደ። ያ ሥራ እኮ ከሺህ ፓውንድ በላይ ያስገባለት ነበር። የሶኬቱን መስመር ደህንነት ብቻ ፈትሾ ትንሽ ተቀበላት።

ስለ ገጠማው ብዙ አልልም። ንጹሕ ነው። ገመዱ በግድግዳው ጥግ ቀጥ ብሎ ሄዷል፣ ቀዳዳው ከውጭ በማሸጊያ ተደፍኗል፣ የፈጨውን አቧራ ራሱ ጠርጎ ነው የወጣው። ሰርተፊኬቱ በኢሜይል መጣልኝ። መተግበሪያውን ስልኬ ላይ ጭኖ፣ እያየሁ እኔው እንድነካካ አደረገኝ። አንድ የነገረኝ ነገር በጣም ጠቅሞኛል። በ2022 ሥራ ላይ በዋለው ደንብ መሠረት እዚህ አገር ለቤት የሚሸጡ አዳዲስ ቻርጀሮች ሰዓታቸው ሲደርስ ሁሉም ባንድ ጊዜ እንዳይነሱ እስከ 10 ደቂቃ ሊዘገዩ ይችላሉ። ስለዚህ ሰዓቱ ደርሶ ዝም ካለ ተበላሸ ብላችሁ በሌሊት አትደውሉለት። እኔ ግን ደውያለሁ። አነሳ!

ለማን እንደማይሆን ደግሞ ልናገር። መኪናችሁን መንገድ ላይ የምታቆሙ፣ ግቢ የሌላችሁ፣ ለጊዜው ይህ ለብዙዎቻችሁ አይሆንም፤ የምንወደውም ባይሆን ሐቁ እሱ ነው። ተከራዮች ግን ማቆሚያ ካላችሁና አከራዩ ከፈቀደ የመንግሥት ድጎማ አለ፤ እኔ ባስገጠምኩበት ጊዜ እስከ 350 ፓውንድ ነበር። ስማርት ቆጣሪ የሌላችሁ መጀመሪያ እሱን አስገቡ፤ በነጻ ነው። በየግማሽ ሰዓቱ የሚያነብ ቆጣሪ ከሌለ ርካሹ ሰዓት አይታወቅላችሁም።

አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ይህን ስነግረው «ለኛም የሌሊት ዋጋ አስመርጥልን» አለኝ። እዚያም ከ2024 ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ ሰው ሁሉ ኤሌክትሪክ ገብቷል። ግን የአገር ቤቱ የመኖሪያ ቤት ታሪፍ የሚለየው በሰዓት አይደለም፤ በወር በተጠቀማችሁት መጠን ነው። ሌሊት ቢሞላ ቀን ቢሞላ ዋጋው ያው ነው። የፊውዙና የምጣዱ ሒሳብ ግን እዚያም ይሠራል፤ እሱንም ነግሬዋለሁ።

የልጁን ስምና ስልክ እዚህ አልጽፍም፤ እሱ ራሱ አደባባይ አታውጣኝ ብሎኛል። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ። ከሰሜን ለንደን ውጭም ይሄዳል፣ ግን ርቀቱን አስቀድማችሁ ንገሩት። ስትደውሉ የቅርብ ጊዜ ቢላችሁን፣ የቆጣሪውንና የዋናውን ፊውዝ ፎቶ፣ የመኪናችሁን ሞዴል፣ የምትገቡበትንና የምትወጡበትን ሰዓት አዘጋጁ። ያለነዚህ ዋጋ አይናገርም። እሁድ አያነሳም፤ በዋትስአፕ አስቀምጡለት፣ ሰኞ ይመልሳል።