ምርጥ ምድጃ ለቁምስና ማዕድ ቤት፦ ከመግዛታችሁ በፊት

«ምርጥ» የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ለአንድ ቤተሰብ ሲመዘንና ለቁምስና (ለካቶሊክ ደብር) ማዕድ ቤት ሲመዘን የሚያገኘው ነጥብ አንድ አይደለም። አምስት እንጀራ ጋግሮ ለሚነሳ ቤት ያን ያህል አይጠቅምም። መቶ እንጀራ በተከታታይ ለሚጋገርበት ግቢ ግን ከሦስት ጉልቻ ጋር የሚወዳደር አይደለም። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የተባለው ስለ ወጥ ነው፤ የእንጀራውን ጋጋሪዎች ይጠይቋቸው።

ግምገማው የተሠራው በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ሠላሳ አርባ አባወራ ላለው ቁምስና ታስቦ ነው። የካቶሊክ ሚስዮናዊው አባ ማስያስ በ1868 እ.ኤ.አ. ሸዋ ገብተው በ1879 እስኪወጡ ድረስ ቢቆዩም፣ ካቶሊኩ በዚህ አገር ጥቂት ሆኖ ነው የቀረው። ስለዚህ የማዕድ ቤት ወጪ የሚወድቀው በጥቂት ሰው ላይ ነው፤ የሚበላው ግን ብዙ ነው። የንግሥ ቀን፣ የክርስትናና የቁርባን ድግስ፣ የአቡን ጉብኝት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለቅሶ አለ። እድሩ ከኦርቶዶክሱ ጎረቤት ጋር የጋራ በሆነበት ቦታ፣ የቁምስናው ምጣድ ከግቢው ውጭም ብዙ ሥራ አለበት።

ዕቃው ምንድን ነው? ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ (ፑሚስ ወይም ቀይ አሽ) በቅርጽ የሚጣል ምድጃ ሲሆን ስድስት ቁራጭ አለው። አራቱ ሲገጠሙ ክቡን ግድግዳ ይሠራሉ፤ አንደኛው የማገዶ በር አለው፣ ከበሩ ትይዩ ያለው ደግሞ የጭስ መውጫ ቀዳዳ። ቀሪዎቹ ሁለት ከኋላ ተገጥመው ድስት ወይም ጀበና መጣጃ ይሆናሉ። እሳቱ እንደ ጉልቻ በየአቅጣጫው አይበተንም፤ ምጣዱ ሥር ታፍኖ፣ ትርፉ ሙቀት በኋላ በኩል ወደ ድስቱ ይወጣል። በዚህ ምክንያት ማገዶው ከጉልቻ እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ባህር ዛፍ በሸክም በሚገዛበት፣ ኩበቱም ለማሳ በሚፈለግበት ደጋ ግማሽ ማገዶ ቀላል ነገር አይደለም።

ስትገዙ መጀመሪያ የምታዩት የሲሚንቶውን ብስለት ነው። የተጣለው ቁራጭ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ውኃ እየጠጣ፣ በጥላ ሥር መቆየት አለበት። አምራቹ ቸኩሎ በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ላይ ካደረቀው ምድጃው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጋገራዎች ይሰነጠቃል። በጣት መገጣጠሚያ ሲንኳኳ ጥርት ያለ ድምፅ መስጠት አለበት፤ የታፈነ ድምፅ ካለው ውስጡ ተሰንጥቋል ወይም አልበሰለም። ጠርዙ በጥፍር ሲፋቅ ዱቄት የሚያራግፍ ከሆነ አትውሰዱት። በወንዝ አሸዋ ብቻ የተሠራውም ይገኛል፤ ይከብዳል፣ ሙቀቱንም ግድግዳው ይመጠዋል።

ለደብረ ብርሃንና ከዚያ በላይ ላለው ደጋ ብቻ የሚነገር ማስጠንቀቂያ አለ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። አዲስ የተጣለ ሲሚንቶ በመጀመሪያው ሌሊት ከቀዘቀዘ ውስጡ ያለው ውኃ በረዶ ይሆንና ጥንካሬውን ይዞት ይሄዳል፤ በዓይን ግን ደህና ይመስላል። በነዚህ ወራት የተጣለ ከሆነ በጣሪያ ሥር፣ ጭድ ወይም ጆንያ ለብሶ እንደነበር አምራቹን ጠይቁ። መልሱ ወላዋይ ከሆነ እስከ የካቲት መታገሥ ይሻላል።

ምጣዱን ለብቻው ገዝቶ «ይገጥም ይሆናል» ማለት ሁለተኛው የተለመደ ስህተት ነው። ምድጃው የተቀመረው ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላለው የሸክላ ምጣድ ነው። የገበያ ምጣድ ግን እንደ ሠሪዋ እጅ ይለያያል። ጠባቡ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፤ ሰፊው ከጠርዙ ያልፍና እሳቱ ዳሩን አያገኘውም፣ እንጀራው ዳር ዳሩ ሊጥ ይሆናል። ገመድ ወይም እንጨት በምድጃው አፍ ልክ ቆርጣችሁ ገበያ ይዛችሁ ሂዱ። አክንባሎውንም በዚያው ለኩ።

ተከላው ግማሽ ቀን ይወስዳል። ወለሉ ላይ በቀጥታ ከማስቀመጥ ከድንጋይና ከጭቃ ጉልበት ድረስ የሚደርስ መደብ መሥራት ይሻላል፤ ሁለት መቶ እንጀራ ጎንበስ ብሎ መጋገር ወገብ ይጨርሳል። መደቡ በደንብ ከደረቀ በኋላ አራቱ ቁራጮች ይገጠማሉ፣ መጋጠሚያቸውም ጭድና እበት በገባበት ጭቃ ይመረጋል። በንጹሕ ሲሚንቶ መምረግ የሚመጣላቸው ግንበኞች አሉ፤ አትፍቀዱላቸው። ቁራጮቹ ሲሞቁ ይሰፋሉ፣ ሲበርዱ ይሰበሰባሉ፤ ጭቃው ቢሰነጠቅ ነገ ይለሰናል፣ ሲሚንቶው ግን ምድጃውን ይዞ ይሰነጠቃል። በምጣዱና በጠርዙ መካከል ያለው ክፍተትም በስስ ጭቃ መዘጋት አለበት፤ ጭሱ በዚያ ከወጣ የጋጋሪዋን ዓይን ያቃጥላል፣ ማገዶውም ይባክናል። ተከላው ካለቀ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን በጭራሮ ለስለስ ያለ እሳት ብቻ ይነደድበታል። ምጣዱ በተለመደው መንገድ በጎመን ዘር ይሟሻል፣ ለዚህ አዲስ ዘዴ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ምድጃው ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ቀስ ብሎ ይሞቃል፤ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ማገዶ የሚበላው ራሱን ለማሞቅ ነው። ትርፉ የሚገኘው ከዚያ በኋላ ሳይቋረጥ ሲጋገር ነው። ስለዚህ ለቁምስና የሚሆነው አሠራር ተራ መግባት ነው፤ አንዷ ጨርሳ እሳቱ ሳይበርድ ሌላዋ ሊጧን ይዛ ትቀጥላለች። በሳምንቱ ውስጥ እያንዳንዷ ለብቻዋ እሳት ካነደደች ከጉልቻው ያለው ልዩነት ይጠባል። አንዳንድ ቦታ የሴቶች ማኅበር ቅዳሜን የጋራ ጋገራ ቀን አድርጎ ማገዶውን በመዋጮ ይገዛል። ዕቃው የሚጠቅመው እንዲህ ከተጠቀሙበት ነው።

ሒሳቡ ለመቶ እንግዳ እንዲህ ይወጣል። ለአንድ ሰው ሁለት እንጀራ ሳይሞላ ቢታሰብ ወደ 180 እንጀራ ይፈለጋል። ከአንድ ኪሎ የጤፍ ዱቄት እንደ ውፍረቱ ከአራት እስከ አምስት ይወጣል፤ ስለዚህ 40 ኪሎ ዱቄት ይቦካል። ገብስ ከተቀላቀለ ሊጡ ይከብዳል፣ ቁጥሩም ትንሽ ይወርዳል። ከምጣድ ማሰስ እስከ ማውጣት ለአንዱ ሦስት ደቂቃ ብትይዙ በሰዓት ሃያ ነው። በአንድ ምድጃ ዘጠኝ ሰዓት፣ በሁለት ምድጃ አራት ሰዓት ተኩል። ጠዋት 12 ሰዓት የተጀመረ በሁለት ምድጃ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ያልቃል፤ በአንድ ከሆነ ግን ቅዳሴው አልቆ ሰው ከተቀመጠም በኋላ ገና ይጋገራል። አንድ ብቻ የሚገዛ ቁምስና ከዋዜማው ይጀምር። ሊጡ በደጋው ብርድ ሦስት አራት ቀን ሊፈልግ እንደሚችልም አስቡ። ቡሃቃውን ከሞቀው ምድጃ አጠገብ ማሳደር ጥሩ ነው፣ በጣም ማስጠጋት ግን ያኮመጥጠዋል።

ከጋጋሪዎች በብዛት የሚሰማው ቅሬታ «ከኋላ ያርራል፣ ከፊት ዓይን አያወጣም» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ነበልባሉ ወደ ጭስ መውጫው ይሳባል። ማገዶው ጣት ጣት አክሎ ተፈልጦ፣ ሁለት ሦስቱ ብቻ ገብቶ፣ ፍሙ ወደ በሩ ከተሳበ ይስተካከላል። ያ ካልበቃ የኋላ ቀዳዳውን በሸክላ ስባሪና በጭቃ ትንሽ አጥብቡት፤ ጨርሶ መዝጋት ግን ጭሱን በበሩ ይመልሰዋል። ሙሉ ግንድ ገፍቶ በሩን መድፈን አየር ያሳጣዋል፣ ቤቱም በጭስ ይታፈናል።

ኩበት ለሚያነዱ ሌላ ነገር አለ። ኩበት አመዱ ብዙ ነው፤ በሠላሳ እንጀራ ውስጥ ወለሉ ይሞላና እሳቱ ምጣዱን ይጠጋል። በየመሐሉ በመጫሪያ መጥረግ ግድ ነው። በጋራ ማዕድ ቤት አመድ የሚጠርገው ማን እንደሆነ ካልተወሰነ ማንም አይጠርግም፤ ምጣድ የሚሰነጠቀውም ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

የኋላው ድስት መጣጃ ለሻይ፣ ሽሮ ለማሞቅ፣ ውኃ ለማፍላት ጥሩ ነው። የመቶ ሰው ወጥ በዚያ አይበስልም፤ ለብረት ድስቱ ሌላ ጉልቻ ይኑር። ድፎ ዳቦም አይሆንለትም፣ ታቹ አርሮ ላዩ ይቀራል። የጠላ ቂጣ ግን በደንብ ይጋግራል። ቆሎ በእንጀራ ምጣድ ላይ እንዳይቆላ አስቀድሞ ይነገር፤ ልስላሴው ከጠፋ እንጀራው ይይዛል።

ኤሌክትሪክ ምጣድ ይሻላል ለሚሉ፦ መብራት ባለበት ቀን ይሻላል። ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ስለሚስብ ግን ሁለት ምጣድ በተለመደው የገጠር ቆጣሪና በቀጭን ሽቦ ባንድ ላይ ማስነሳት አይቻልም፤ ለቅሶ ደግሞ መብራት እስኪመጣ አይጠብቅም።

ከአምስት አራት ይገባዋል። አንዱን ነጥብ ያሳጣው ማጓጓዣው ነው። ቁራጮቹ በአይሱዙ ላይ ያለ ጭድ ከተጫኑ ጠርዛቸው ተሸርፎ ይደርሳል፣ በአህያ ከሆነ ደግሞ በግራና በቀኝ እኩል ካልተጫነ ይወድቃል። የማገዶ በር ያለው ቁራጭ ከሁሉ ቀድሞ ይሰበራልና ስትገዙ ከሱ አንድ ትርፍ እንዲጣልላችሁ እዘዙ። የተሟሸ አንድ መለዋወጫ ምጣድም ግድግዳ ላይ ተደግፎ ይቀመጥ።