መኪና ለመቀነስ፦ የመግቢያ ክፍያ ወይስ የሰሌዳ ፈረቃ?

(ዓመቶቹ በእ.ኤ.አ. ናቸው)

የመግቢያ ክፍያ ወደ መሀል ከተማ የሚገባ መኪና የሚከፍለው ገንዘብ ነው፤ የሰሌዳ ፈረቃ ደግሞ መኪኖች እንደ ሰሌዳ ቁጥራቸው በተወሰኑ ቀናት እንዳይንቀሳቀሱ ማገድ ነው።

ወጪ
ፈረቃ፦ ደንብና ትራፊክ ፖሊስ ይበቃዋል፤ በጥቂት ቀናት ይጀመራል።
ክፍያ፦ ሰሌዳ አንባቢ ካሜራ፣ የጠራ የተሽከርካሪ መዝገብና ቅጣት የሚሰበስብ አካል ይፈልጋል። በአንጻሩ ገቢ አለው። ለንደን በ2003 በቀን 5 ፓውንድ ማስከፈል ስትጀምር የተጣራው ገቢ ለትራንስፖርት እንዲውል በሕግ ተደንግጎ ነበር፤ አውቶቡስም ቀድማ ጨምራለች። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ የለበትም፤ አማራጭ የሌለው ሰው ከፍሎም ቢሆን መኪናውን ይዞ ይገባል።

ስጋት
ፈረቃ፦ እያደር ይላላል። ሜክሲኮ ሲቲ በ1989 እያንዳንዱ መኪና በሳምንት አንድ የሥራ ቀን እንዲቆም ስታዝ፣ አቅም ያላቸው ሌላ ሰሌዳ ያለው ሁለተኛ መኪና ገዙ፤ ብዙው አሮጌና ጭሳም ነበር።
ክፍያ፦ ባለገንዘቡን አያስቆምም፤ ሕዝቡም መጀመሪያ ይቃወማል። ስቶክሆልም በ2006 ለሰባት ወር ሞክራው ትራፊኩ 20 በመቶ ገደማ ቀነሰ፤ ከሕዝበ ውሳኔ በኋላ በ2007 ቋሚ ሆነ።

የትኛው መቼና የት?
ቤጂንግ በ2008 ኦሊምፒክ እንዳደረገችው ለጥቂት ሳምንታት ከሆነ ፈረቃ ይመረጣል። መግቢያ መንገዶቹ ጥቂት ለሆኑና አውቶቡስ ወይም ባቡር ላለው መሀል ከተማ ግን ክፍያ ይሻላል።