ሚኒ ዩፒኤስ፦ ቢሮ ለቆ ደብረ ብርሃን ቤቱ ለሚሠራ ሰው

የድርጅት ሥራ ለቆ ደብረ ብርሃን ላይ በግሉ የሚሠራ የሒሳብ ባለሙያ ወይም ዲዛይነር ከደሞዙ ቀጥሎ የሚናፍቀው የቢሮውን ጀነሬተር ነው። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪው ይቆያል፤ ኢንተርኔቱ ግን ወዲያው ድርግም ይላል። ሚኒ ዩፒኤስ በራውተሩና በአዳፕተሩ መሃል የምትሰካ፣ መዳፍ የምታክል ባትሪ ናት፤ ላፕቶፕ ላለው ሰው መጀመሪያ የሚገዛ ዕቃ እሷ ናት እንላለን።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ሰዓት ግን አትመኑ። 10,400 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚባለው የተሰላው በውስጥ ባትሪው 3.7 ቮልት ነው፤ ሲባዛ 38 ዋት ሰዓት ገደማ ይወጣል። ወደ 12 ቮልት ሲቀየር የሚባክነው ሲቀነስ 30 ያህል ይተርፋል። የፋይበር ሳጥኑና ራውተሩ አንድ ላይ 10 ዋት ከበሉ፣ ሦስት ሰዓት ማለት ነው።

ስትገዙ ራውተሩን ከነአዳፕተሩ ይዛችሁ ሂዱ። አዳፕተሩ ጀርባ ላይ ቮልቱን አንብቡ፤ ባለ 9 ቮልት ራውተር 12 ቮልት ቀዳዳ ላይ ቢሰካ ሊቃጠል ይችላል። ብዙ ሰው የሚሸወደው በሶኬቱ ጫፍ ነው። ውጪው 5.5 ሚሊሜትር ሆኖ ውስጡ 2.1 ወይም 2.5 የሆነ አለ። ባለ 2.5ው ጫፍ ባለ 2.1 ራውተር ላይ ይገባል፣ ግን ይላላል፤ ገመዱ በተነካ ቁጥር ራውተሩ ጠፍቶ ይነሳል፣ የሚረገመው ግን ኔትወርኩ ነው። እዚያው ሱቅ ውስጥ ዩፒኤሱን ከግድግዳ ንቀሉት፤ የራውተሩ መብራቶች ጠፍተው እንደገና ከበሩ አትግዙት።

የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭም አለ። ሊቲየም ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ሲደረግ ይጎዳል፤ በረንዳ ወይም መስኮት ሥር አታስቀምጡት። ከተማዋ የብርድ ልብስ ፋብሪካ አላት ተብሎም አይጠቀለልም፤ ቻርጅ ሲሆን ስለሚሞቅ አየር ይፈልጋል።

ዴስክቶፕ ላለው ግን ዕቃው ከንቱ ነው። እሱ የሚያስፈልገው ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ፣ የባትሪውን ኃይል ወደ ግድግዳው ዓይነት መብራት ከሚቀይር ኢንቨርተር ጋር ነው፤ የሊድ አሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ካልወረደ፣ 120 ዋት የሚበላ ኮምፒውተር አራት ሰዓት ያህል ያሠራል።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሥራ ሲለቀቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። በዚያ ወር ቤታችሁ መብራት የጠፋበትንና የመጣበትን ሰዓት መዝግቡ። ከሦስት ሰዓት የሚያልፈው ከበዛ፣ በላፕቶፕም ብትሠሩ ገንዘባችሁን ኢንቨርተሩ ላይ አውሉት።