የድሬዳዋ–ጅቡቲ ባቡር፦ በትንሽ ገንዘብ ጅቡቲንና ሐርጌሳን ለሚዞር ያዋጣል?

ከአምስት ሦስት ተኩል። ጉዞው ብቻ ቢሆን አራት እንሰጠው ነበር፤ ግማሹን የበሉት ጣቢያዎቹ ናቸው። አሮጌው ባቡር ድሬዳዋ ላይ ከዚራ ሰፈር አጠገብ፣ መሃል ከተማ ያወርድ ነበር። አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ውጭ ነው፣ ጅቡቲ ላይ የሚያወርደው ናጋድም እንደዚሁ። በሁለቱም ጫፍ ለባጃጅና ለታክሲ የሚወጣውን ከቲኬቱ ላይ ደምሩት፤ ለብቻ የሚሄድ ሰው ባቡሩ ረከሰልኝ ያለውን ያህል አይረክስለትም። ሁለት ሦስት ሆኖ ታክሲ የሚጋራ ግን ያተርፋል።

ዙሩ ድሬዳዋ፣ ጅቡቲ፣ ሐርጌሳ (የሶማሌላንድ ዋና ከተማ)፣ ድንበሯ ቶጎ ውጫሌ፣ ጅግጅጋ፣ ሐረር ነው። በዚህ አቅጣጫ እንጂ በተቃራኒው አትሂዱ። ባቡሩ በየቀኑ አይሄድም፤ ከድሬዳዋ የምትሳፈሩት ደግሞ ከአዲስ አበባ የመጣውን ነው፤ ስለዚህ ላይ ኃይል ተቋርጦ ወይም ከብት ሐዲድ ገብቶ የጠፋው ሰዓት ሁሉ እናንተ ዘንድ ይደርሳል። መዘግየቱ መጀመሪያ ላይ ቢገጥማችሁ የምትጠብቁት ድሬዳዋ ሆናችሁ ነው። መመለሻ ላይ ቢገጥማችሁ ግን በጅቡቲ የሆቴል ዋጋ ትጠብቃላችሁ። ከቶጎ ውጫሌ ወዲህ ያለው መንገድ የሚኒባስ ነው፤ ሲሞላ ይነሳል፣ ፕሮግራም አይፈልግም።

ቲኬት ስትቆርጡ ፓስፖርት ያዙ፤ ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ፣ ቀኑም እንዲሁ፣ አፍ አውጥታችሁ ጠይቁ። እስከ ናጋድ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና ወንበር ይበቃል፤ አልጋ ከአዲስ አበባ ለሚመጣው ይተው። ለአንድ ሰው ሦስት ሊትር ውኃ፣ ዳቦና ቴምር ከከተማ ግዙ። ድንበር ላይ ሻንጣ ስለሚፈተሽ ቦርሳችሁ ቶሎ የሚከፈትና የሚዘጋ ይሁን።

ቪዛ የዙሩ ወገብ ነው። የጅቡቲውን በኢንተርኔት፣ የሶማሌላንዱን አዲስ አበባ ካለው ጽሕፈት ቤታቸው፣ ሁለቱንም ከመነሳታችሁ በፊት ጨርሱ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም አይረሳ። የውጭ ዜጋ ጓደኛ ካላችሁ የኢትዮጵያ ቪዛው ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ከሆነ ቶጎ ውጫሌ ላይ ይቀራል።

ጅቡቲ ውድ ናት፤ ሁለት ሌሊት ይበቃታል። ፍራንኩ ከዶላር ጋር ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ177.721 ታስሯል፤ ስለዚህ 1,000 ፍራንክ 5.60 ዶላር ገደማ መሆኑን ከያዛችሁ መንዛሪ አያታልላችሁም። የቢሮ ጉዳይ ካላችሁ በጠዋት ነው። ከቀትር ጀምሮ ጫቱ ይገባል፣ ሙቀቱም ይበረታል፤ ከተማው እስከ አመሻሽ ይተኛል። (ጫቱ የእኛው መሆኑ ይታወቃል።) ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ያለውን አሳል ሐይቅ ለማየት መኪና መከራየት የግድ ስለሆነ አራት ሰው ካልሞላችሁ ዝለሉት። ከሰኔ እስከ ጳጉሜን ከሆነ ደግሞ ጉዞውን ራሱን አስተላልፉት።

ከጅቡቲ ሐርጌሳ የዙሩ ከባዱ ክፍል ነው። ላንድክሩዘሮቹ ከሰዓት በኋላ ተነስተው በድንበሩ በሎያዳ በኩል ሌሊቱን በረሃ ለበረሃ ያድራሉ፤ በቀን የማይሄዱት ከሙቀቱ የተነሳ ነው። የፊት ወንበር ተጨማሪ ይከፈልበታል፣ እኛ ግን ይከፈልበት እንላለን፤ ከኋላ ያለው ጉልበት ለጉልበት ተጣብቆ ያድራል። የአቧራ መሸፈኛ ነጠላ እጅ ላይ ይሁን። የመንገዱን ጸጥታ በዚያው ቀን ከሹፌሮች አጣሩ፤ ጥርጣሬ ካለ ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ ተመልሳችሁ ሐርጌሳን በጅግጅጋ በኩል ለብቻ ግቡ።

ሐርጌሳ ኪስ ትንሽ ይተነፍሳል። ዶላር በየቦታው ይሠራል፤ የተቀደደ ወይም ያረጀ ኖት ግን አይቀበሏችሁም። የአንድና የአምስት ዶላር ዝርዝር በብዛት ያዙ። ብዙ ሺልንግ አትመንዝሩ፤ ከረጢት ሙሉ ወረቀት ነው የሚሰጣችሁ፤ ሻይ ሻጩ ሳይቀር በዛአድ፣ በስልክ የገንዘብ መላኪያው፣ ነው የሚቀበለው። የላስ ጌል የዋሻ ሥዕሎች በበርበራ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ ፈቃዱ የሚወጣው ሐርጌሳ ስለሆነ ሳይዙ መሄድ የመኪና ኪራይ ማቃጠል ነው። ዓርብ ቢሮ ዝግ ነው።

መመለሻው ከሐርጌሳ እስከ ቶጎ ውጫሌ 90፣ ከዚያ ጅግጅጋ 70፣ እስከ ሐረር ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በጠዋት የተነሳ ሐረር ያድራል፤ ሹራቡም እዚህ ላይ ነው የሚያስፈልገው። ቶጎ ውጫሌ ላይ ብር ይሠራል፤ ዕቃም ርካሽ ነው፤ ይህ ግን ወጥመድ ነው። ከጅግጅጋ ወዲህ ኬላዎች ላይ ሻንጣ ይበረበራል፤ በካርቶኑ ያለ ስልክና ያልተለበሰ ልብስ ኮንትሮባንድ ተብሎ ሊቀር ይችላል፤ የአንዱ ዕቃ ሲፈተሽ ደግሞ የሚኒባሱ ሰው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል።