ሱባሩዬ ኢታኖል ከጀመረች ዓመት አለፋት፦ ስለ ፓምፑ፣ ስለ ኢንጀክተሮቹና ስለ ሴንሰሩ

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። ተርቦ ያላትን መኪናችሁን ወደ ኢ85 (ከቤንዚን ጋር የተቀላቀለ፣ አብዛኛው ግን ኢታኖል የሆነ ነዳጅ) ለማዞር ካሰባችሁ፣ መጀመሪያ የምትገዙት ዕቃ የኢታኖሉን መጠን የሚለካው ሴንሰር ይሁን። ነዳጁን የሚገፋው ፓምፕም ወደ ሞተሩ የሚረጨው ኢንጀክተርም የግድ ነው፣ ያለ እነሱ ነገሩ አይታሰብም። ግን ብዙ ሰው ሴንሰሩን "ቆይቼ እገዛዋለሁ" እያለ ያልፈዋል። እኔም አልፌው ነበር፣ ሞተሬን ሊያሳጣኝ ምንም አልቀረውም።

መኪናዬ የ2018 ሱባሩ ኤስቲአይ ናት። 2.5 ሊትር፣ ተርቦ፣ ባለ ስድስት ማርሽ፣ ከፋብሪካ ስትወጣ 305 የፈረስ ጉልበት። የምኖረው ሚኒሶታ ነው፣ ይህ ደግሞ ለጉዳዩ ትልቅ ነገር ነው። እዚህ ከከተማ ወጣ ካላችሁ ዓይን እስኪደክም በቆሎ ነው፤ ኢታኖሉም የሚወጣው ከዚያ ነው። ኢ85 የሚሸጥ ማደያ አንዱ ከቤቴ ሁለት ማይል ላይ አለ፣ ሌላው ሥራ በምሄድበት መንገድ ላይ ነው። ቨርጂኒያ ያለ ጓደኛዬ ግን አንዴ ለመሙላት 25 ደቂቃ ይነዳል። እኔም እንደሱ ቢሆንብኝ ኖሮ ይህን ሥራ አልጀምረውም ነበር።

ኢታኖል ምኑ ያጓጓል ለምትሉ ባጭሩ ልበል። ተርቦ አየሩን ጨምቆ ወደ ሞተር ይልካል። የተጨመቀ አየር ይሞቃል። ሙቀቱ ሲበዛ ነዳጁ ካንዴላው ሳያዘው በራሱ ይቀጣጠልና ሞተሩ ያንኳኳል፤ ፒስተን የሚሰብረው ይህ ማንኳኳት ነው። በእኔ ሰፈር የማገኘው ፕሪሚየም ቤንዚን 91 ኦክቴን ነው፤ ኦክቴን ነዳጁ ማንኳኳትን የሚቋቋምበት ልክ ነው። በሞቃት ቀን የመኪናዋ ኮምፒውተር ራሱን ለመጠበቅ እሳቱን ያዘገየዋል፣ ጉልበቱም አብሮ ይወርዳል። ኢታኖል ግን ማንኳኳትን በጣም ይቋቋማል። በዚያ ላይ ከፈሳሽ ወደ ጋዝ ሲለወጥ የሚስበው ሙቀት በኪሎ ሲታሰብ ከቤንዚን ከእጥፍ በላይ ስለሆነ፣ የሚገባውን አየር እያቀዘቀዘ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ቲዩን የሚያደርግላችሁ ሰው (ቲዩነሩ፣ የሞተሩን ኮምፒውተር የሚያስተካክለው) ቡስቱንም (ተርቦው የሚፈጥረውን የአየር ግፊት) ታይሚንጉንም (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ) ሳይፈራ ከፍ ማድረግ ይችላል።

ችግሩ የመጠን ነው። 1 ኪሎ ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል፤ 1 ኪሎ ኢ85 ግን 9.8 ገደማ። ለዚያው አየር እንግዲህ ብዙ ተጨማሪ ነዳጅ መርጨት አለባችሁ፣ በሊትር ሲታሰብ ከ30 እስከ 40 በመቶ። የፋብሪካው ፓምፕና ኢንጀክተር ለዚህ አልተሠሩም።

አዲስ አበባ ያለ የአክስቴ ልጅ ይህን ስነግረው "ኢታኖል ማለት ያው ከቤንዚን ጋር የሚቀላቀለው የፊንጫው አይደል እንዴ?" አለኝ። ልክ ነው፣ ያው ነው። ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ የሚወጣው ኢታኖል እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ በ5 በመቶ፣ በኋላም በ10 በመቶ ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ ተሽጧል። ለ10 በመቶ ምንም መቀየር አያስፈልግም፤ እዚህ አሜሪካም ተራው ቤንዚን ውስጥ 10 በመቶ ያህል ኢታኖል አለ። ከ50 በመቶ ሲያልፍ ነው ታሪኩ የሚለወጠው።

ወደ ዕቃዎቹ ልግባ።

ፓምፑ ዲችወርክስ ዲደብሊው65ሲ ነው፣ በሰዓት 265 ሊትር የሚገፋ፣ ለኢታኖል ተብሎ የተሠራ። በኤስቲአይ ፓምፑ የሚገኘው ሰልባትዮው ውስጥ ስለሆነ ከኋላ ወንበር ሥር ባለው ክዳን ይገባል። በቦታው ልክ ይቀመጣል፣ ድምፁም ከፋብሪካው ብዙ አይለይም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። 265 የሚለው ቁጥር ዝቅ ባለ ግፊት የተለካ ነው። በዚህ ሞተር የነዳጁ ግፊት ከቡስቱ ጋር አብሮ ይወጣል፤ 3 ባር የነበረው ነዳጅ ረግጣችሁ ቡስት ሲሞላ ከ4 ባር ያልፋል፣ ግፊቱ ሲጨምር ደግሞ ፓምፑ የሚሰጠው ሊትር ይቀንሳል። በፋብሪካው ተርቦ ለምትነዱ ይበቃል፣ ለእኔም በቅቷል። ትልቅ ተርቦ የመግጠም ሐሳብ ካላችሁ ግን ከአሁኑ ከዚህ የሚበልጥ ግዙ፣ ሁለት ጊዜ የእጅ ዋጋ አትክፈሉ።

ኢንጀክተሮቹ ኢንጀክተር ዳይናሚክስ አይዲ1050ኤክስ ናቸው። ውድ ናቸው፣ አልዋሽም። አራቱ ከ500 ዶላር በላይ ወጥቶባቸዋል፤ በግማሽ ዋጋ የሚሸጡ ስም የሌላቸው ኢንጀክተሮች ሞልተዋል። ልዩነቱ ከብረቱ ይልቅ አብሮት የሚመጣው መረጃ ላይ ነው የሚታየው። ኢንጀክተር ክፈት ሲባል ወዲያው አይከፍትም፣ ትንሽ ይዘገያል፤ ያ መዘግየት በባትሪው ቮልትና በነዳጁ ግፊት ይለዋወጣል። ቲዩነሩ ይህን ቁጥር በትክክል ካላወቀው መኪናዋ ቆማ ስትሠራ ትንቀጠቀጣለች፣ መብራት ላይ ትጠፋለች፣ ጠዋት በግድ ትነሳለች። የእኔ በደቂቃ 1050 ሲሲ የሚረጭ ትልቅ ኢንጀክተር ሆኖ ሳለ መብራት ላይ ስቆም ልክ ከፋብሪካ እንደወጣች ፀጥ ብላ ነው የምትሠራው። ዋጋቸው ይገባቸዋል።

አሁን ወደሚያበሳጨው ክፍል። ሥራውን መጀመሪያ የሰጠሁት ለአንድ ጋራዥ ነው፣ ስሙ ይቅር። ፓምፑንና ኢንጀክተሩን ገጠሙልኝ፣ በጁን ወር ለኢ85 ብቻ የተዘጋጀ ቲዩን ጫኑልኝ። ሴንሰር ያስፈልገኝ እንደሆነ ስጠይቅ "ሁልጊዜ ከአንድ ማደያ ከሞላህ አያስፈልግህም" አሉኝ። አመንኩ። ሁለት ወር እንደ ንጉሥ ነዳሁ።

በኦገስት አንድ ቀን ሀይዌይ ልገባ በሦስተኛ ማርሽ ሙሉ ስረግጥ ጉልበቱ ቁርጥ አለ። ዳታ ሎግ አድርጌ (የኮምፒውተሩን ንባብ ቀድቼ) ሳየው ከ5,500 ዙር በላይ ነዳጁ ያንሳል። ይህ ደግሞ ተርቦ ላይ ከሁሉ የሚያስፈራው ነገር ነው፤ ነዳጅ ሲያንስ ፒስተን ይቀልጣል። እግሬን አነሳሁና ቀስ ብዬ ቤቴ ገባሁ። ሌላ መካኒክ፣ ዕድሜው የገፋ የሱባሩ ሰው፣ ፓምፑን አውጥቶ አሳየኝ። ሰልባትዮው ውስጥ ፓምፑን ከመውጫው ጋር የሚያገናኘው ጎማ ከዕቃ መደብር የሚገዛ ተራ የነዳጅ ጎማ ነበር። ውጪ ላይ የሚሠራ ጎማ ነዳጅ ውስጥ ሲነከር፣ በተለይ ኢታኖል ሲሆን፣ ያብጣል፣ ይላላል፣ ይሰነጠቃል። ማሰሪያው ሥር ተሰንጥቆ ነዳጁ ተመልሶ ሰልባትዮው ውስጥ ይፈስ ነበር። ነዳጅ ውስጥ ለሚነከር ጎማ መሥፈርቱ ኤስኤኢ 30አር10 ይባላል፣ ጎማው ላይ ተጽፎ ይታያል። ዋጋው ከተራው ይወደዳል፣ ግን የሚያስፈልጋችሁ አንድ ስንዝር እንኳን አይሞላም። እባካችሁ ፓምፑ ከመታሸጉ በፊት ጎማው ላይ ያለውን ጽሑፍ በዓይናችሁ እዩ፣ ፎቶ አንሱ። በአንድ ስንዝር ጎማ ምክንያት ሙሉ ሞተር ሊሄድብኝ ነበር።

ጎማው ተቀየረ፣ ሰላም ሆነ። ከዚያ ኦክቶበር መጣ። ማደያው ያው፣ የማደያው መቅጃ ያው፣ ተለጣፊው ላይም ያው ኢ85 ይላል። መኪናዋ ግን ነዳጅ ስረግጥ ማንኳኳት ጀመረች፣ ኮምፒውተሩ ታይሚንጉን ሲያዘገይ ሎጉ ላይ አየሁት። ከማደያው ትንሽ ቀድቼ በመለኪያ ቱቦ ከውሃ ጋር መታሁት። ኢታኖል ወደ ውሃው ስለሚሄድ ስንት እንደሆነ በመስመሩ ይነበባል። 64 በመቶ። በአሜሪካ ደረጃ መሠረት ኢ85 ተብሎ የሚሸጠው ነዳጅ ከ51 እስከ 83 በመቶ ኢታኖል ሊኖረው ይችላል፤ ብርድ ሲመጣ ሞተር በቀላሉ እንዲነሳ ቤንዚኑን ያበዙታል። ማደያው አላጭበረበረኝም። የእኔ ቲዩን ነው ከ80 በላይ ይሆናል ብሎ የተሠራው።

ሴንሰሩን ያኔ ገዛሁት፣ በአጠቃላይ ከገዛሁት ሁሉ የወደድኩትም እሱን ነው። ፍሌክስ ፊውል ኪት (ሴንሰሩን ከነቱቦውና ከነሽቦው) የሚሸጡ ድርጅቶች ብዙ ናቸው፣ አብዛኞቹ ግን የሚጠቀሙት አንድ ዓይነት ሴንሰር ነው፤ ኮንቲኔንታል የሚሠራውን፣ በጄነራል ሞተርስ መኪኖች ላይ የሚገጠመውን። አሠራሩ ቀላልና ብልህ ነው። ነዳጁ በመሀሉ ያልፋል፣ እሱ ደግሞ የኢታኖሉን መጠን በድግግሞሽ ይናገራል፦ 50 ኸርዝ ማለት ምንም ኢታኖል የለም፣ 150 ኸርዝ ማለት ሙሉ ኢታኖል ነው። ኮምፒውተሩ ቁጥሩን አይቶ የሚረጨውን ነዳጅ፣ ታይሚንጉንና ቡስቱን እንደየመጠኑ ያስተካክላል። ኪቶቹ የሚለያዩት በቱቦው፣ በማገናኛውና በሽቦው ነው፣ ስትመርጡ እነሱን እዩ። በውስጡ ቴፍሎን ያለው ቱቦ፣ እንደ ፋብሪካው ጠቅ ብሎ የሚገባ ማገናኛ፣ ተቆርጦ የማይቀጠል ሽቦ። የእኔ ሦስቱንም ያሟላል። መመሪያው ግን ደካማ ነበር፤ ፎቶዎቹ ጨለማ ናቸው፣ ሽቦው በየት በኩል እንደሚያልፍ ለማወቅ ብቻ አንድ ሰዓት ጠፋብኝ።

አሁን ያሻኝን እሞላለሁ። ጁላይ ላይ 82 በመቶ፣ ጃንዋሪ ላይ 57 በመቶ አንብቤያለሁ። አንድ ጊዜ ዊስኮንሲን ገጠር ውስጥ ኢ85 አጥቼ ግማሽ ሰልባትዮ 91 ጨምሬ ነዳሁ፤ 38 በመቶ ብሎ አሳየኝ፣ ጉልበቱ ትንሽ ቀነሰ፣ ሌላ ምንም የለም። በዚያ ቀን ሴንሰሩ ባይኖር ያለኝ አማራጭ ቆሞ ላፕቶፕ ማውጣት ነበር።

ጉልበቱስ? ዳይኖ (የመኪና ጉልበት መለኪያ) ላይ ጎማው ጋ የተለካው በ91 ቲዩን 271 የፈረስ ጉልበት ነበር፣ በኢ85 334 ሆነ። ተርቦው ያው የፋብሪካው ነው። ቲዩነሩ ከዚህ በላይ ማውጣት ይችል ነበር፣ ግን ቶርኩን (ሞተሩ የሚያዞርበትን ኃይል) ሆን ብሎ ገደበው፤ የዚህ ሞተር ፒስተን የፋሻዎቹ (የፒስተኑ ቀለበቶች) ቦታ ላይ ቶሎ እንደሚሰበር የሱባሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ኢታኖል ማንኳኳትን ያስቀራል እንጂ ብረቱን አያጠነክረውም። ተጨማሪ ቁጥር ሳትጠይቁት "ይበቃሃል" የሚላችሁ ቲዩነር ካገኛችሁ አትልቀቁት።

የዕለት ተዕለቱን ደግሞ በግልጽ ልናገር። ሀይዌይ ላይ በጋሎን 24 ማይል ትሄድ የነበረች መኪና አሁን 18 ነው የምትሄደው። በእኔ ማደያ ኢ85 ከፕሪሚየም በጋሎን ብዙውን ጊዜ ከ1 ዶላር በላይ ስለሚረክስ ኪሴ ብዙም አልተጎዳም፣ ግን ማደያ ቤት መመላለሱ ያሰለቻል። ብርድ ላይ ኢታኖል በቀላሉ አይተንም። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሲሆን ማታ የሞተር ማሞቂያውን ሶኬት ላይ ሰክቼ ነው የማድረው፤ ሳልሰካ ባደርኩበት ቀን ሦስት ጊዜ አስነስቼ ነው የሄደችልኝ። ሞተር ዘይት በየ3,000 ማይሉ እቀይራለሁ። አጭር አጭር መንገድ በብርድ ስትነዱ ነዳጅና ውሃ ዘይቱ ውስጥ ይገባል፣ ክዳኑ ሥር እንደ ወተት ያለ ነገር ካያችሁ መኪናዋን አውጥታችሁ በደንብ እስክትሞቅ ንዱ። ለረጅም ጊዜ ልታቆሟት ከሆነ ደግሞ ኢታኖል ውሃ ስለሚስብ ቤንዚን ሞልታችሁ አቁሙ። የነዳጅ ፊልትሮውንም ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሙሌቶች በኋላ ቀይሩ፣ ኢታኖል የቆየውን ቆሻሻ ሁሉ አጥቦ ወደዚያ ይልከዋል።

ሕጉንም እንዳትረሱ። በፌዴራሉ የንጹሕ አየር ሕግ የጭስ መቆጣጠሪያን መነካካት ክልክል ነው፤ እኔ ካታሊቲክ ኮንቨርተሬን አልነካሁትም። ካሊፎርኒያ ያላችሁ ደግሞ ዕቃው የግዛቲቱ ፈቃድ ቁጥር እንዳለው ሳታረጋግጡ ብር አታውጡ። ዋራንቲ ላይ ያለች መኪና ከሆነች ቁርጣችሁን እወቁ፣ ሞተሩ ላይ ነገር ቢመጣ ክርክር አለባችሁ።

ዕቃውም፣ እጅም፣ ቲዩንም ተደምሮ ወደ 2,600 ዶላር ወጥቷል። የተበላሸውን ለማስተካከል የከፈልኩት ከዚህ ውጪ ነው። ከመጀመሪያው ሴንሰሩን አስገብቼ አንድ ጊዜ ቲዩን ባስደርግ ኖሮ ለሁለተኛው ቲዩን የከፈልኩት 400 ዶላር ኪሴ ውስጥ ይቀር ነበር።

የቀረኝ አንድ ዕቃ የነዳጅ ግፊት ሴንሰር ነው። ቢኖረኝ ኖሮ ያ ጎማ ሲሰነጠቅ ግፊቱ መውረዱን ገና ጉልበቱ ሳይቆረጥ አየው ነበር። አዝዤዋለሁ፣ በረዶው ሲቀልጥ ጋራዤ ውስጥ ራሴ እገጥመዋለሁ።