ለ«መስታወት ቅብ» ተጨማሪ ከመክፈላችሁ በፊት

በእጅ የተሠራ ጊታር ልታዝዙ ነው? ጀርባውና ጎኑ ማሆጋኒ ወይም ሮዝውድ ከሚባል እንጨት ከሆነ፣ ሠሪውም «ትንሽ ጨምሩና መስታወት አስመስለዋለሁ» ካላችሁ፣ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ።

የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። እዚሁ አካባቢ ለሚሠራ አንድ ሰው ጊታር አዘዝኩ፤ ፊቱ ስፕሩስ፣ ጀርባና ጎኑ ማሆጋኒ። ለቅቡ ብቻ 400 ዶላር ተጨማሪ ከፈልኩ። በሰመር ሲያስረክበኝ እውነትም ፊት ያሳያል። የቤት ማሞቂያ መከፈት ሲጀምር ግን ጀርባው ላይ በመርፌ ጫፍ የተጫሩ የሚመስሉ አጫጭር መስመሮች ብቅ ብቅ አሉ። ደወልኩለት። «እንጨት ሕይወት አለው፣ ይንቀሳቀሳል። ቤትህ ደርቆ ነው» አለኝ።

ደረቅ አየር ጊታር መጉዳቱ እውነት ነው። ግን ሲጎዳ እንጨቱ ይሰነጠቃል፣ ወይም የፍሬቶቹ (አንገቱ ላይ የተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች) ጫፍ ከአንገቱ ጠርዝ ወጥቶ እጅ ይቧጭራል። የኔ ጊታር ሁለቱም የለበትም። ደግሞስ የስፕሩሱ ፊት ለምን ልስልስ እንዳለ ቀረ? ቤቱም አየሩም አንድ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ማሆጋኒ፣ ሮዝውድ፣ ዋልነትና አሽ በዓይን የሚታዩ ቀዳዳዎች አሏቸው። ስፕሩስና ሜፕል የሏቸውም። ስለዚህ ማሆጋኒ እንዲያንጸባርቅ ከተፈለገ ከላከሩ፣ ማለትም ከሚያንጸባርቀው ቅብ፣ በፊት ቀዳዳው መሞላት አለበት። ፊለሩ (መሙያው) በካርድ ወይም በላስቲክ የእንጨቱን መስመር አቋርጦ ይታሻል፣ ትርፉ ይጠረጋል፣ ይደርቃል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል። ብዙ ጊዜ ይደገማል። አንዳንዱ ኤፖክሲ ይጠቀማል። የክላሲካል ጊታር ሠሪዎች ደግሞ ፑሚስ የሚባለውን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ዱቄት በሽላክ (የተፈጥሮ ሙጫ ቅብ) እና በአልኮል እያሹ ያስገባሉ። አድካሚ ሥራ ነው፤ ሲጠናቀቅ የሚታየው ግን ከላይ ያለው ቅብ ብቻ ነው። አቋራጩም የሚመጣው ከዚህ ነው።

አቋራጩ ፊለሩን ትቶ ላከር እየደራረቡ መንፋት፣ ከዚያ አስተካክሎ መወልወል ነው። ናይትሮ የሚባለው የላከር ዓይነት የሚደርቀው ማቅጠኛው እየተነነ ነው፤ ትነቱ ደግሞ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቀጥላል። በቀዳዳው ውስጥ ያለው ላከር ወፍራም ስለሆነ ከሌላው ይበልጥ ይኮማተራል፣ ከላይ ያለው ቅብም አብሮት ይሰምጣል። ዘይት ያለበት ፊለር በደንብ ሳይደርቅ ላከር ቢነፋበትም ውጤቱ ያው ነው። በርክክቡ ቀን ምንም አይታይም። ጉዱ የሚወጣው ሒሳቡ ተዘግቶ ካለቀ በኋላ ነው። ሌላ ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት፤ በማጉያ አይቶ ቀዳዳው ውስጥ ያለው ላከር ብቻ ነው አለኝ።

ለፍትሐዊነት ልናገር፤ ስስ ናይትሮ በደንብ በተሞላ እንጨት ላይም ቢሆን ከዓመታት በኋላ ትንሽ ሊሰምጥ ይችላል። እሱ ነውር የለውም። በጥቂት ወር ውስጥ ጀርባው በሙሉ ሲዥጎረጎር ግን ሌላ ነገር ነው።

እና ምን ታደርጋላችሁ? ቀዳዳውን በምን እንደሚሞላውና ላከር ከመንፋቱ በፊት ምን ያህል እንደሚያቆየው ጠይቁት። የሠራ ሰው ሳያቅማማ ይነግራችኋል። አዲሱን ሳይሆን ዓመት ያለፈውን ሥራውን አሳየኝ በሉት። የስልካችሁን መብራት ከጎን ዝቅ አድርጋችሁ ጀርባው ላይ አብሩ፤ ጉድጓዱ ሁሉ ጥላ ይጥላል። ቀዳዳው ውስጥ ነጫጭ ነጠብጣብ ካያችሁ የመወልወያው ቅባት ተቀርቅሮ ደርቋል ማለት ነው። በተቃራኒው ቅቡ እንደ ፕላስቲክ ወፍሮ ከሆነም ተጠንቀቁ፤ በተለይ ፊቱ ላይ ሲሆን ድምፁን ያፍነዋል። ከሁሉ በላይ ግን ደረሰኙ ላይ አጻፉ። የኔ ደረሰኝ «አንጸባራቂ ቅብ» ብቻ ነው የሚለው፤ ስለ መሙላት አንድም ቃል የለውም። ሰውየውም የሙጥኝ ያለው እሷን ነው።

ገንዘቡ የሚከብዳችሁ ከሆነ ደግሞ ቀዳዳው ሳይሞላ በስሱ ይቀባ በሉ። ብዙ ጥሩ ጊታሮች እንደዚያ ናቸው፣ በድምፃቸውም የሚታሙ አይደሉም።

ሰውየው አሁን «ላከሩን በነጻ እደግመዋለሁ» እያለኝ ነው። እስከ እንጨቱ ድረስ ገፎ፣ ሞልቶ ካልሆነ ጊታሩን አልሰጥህም ብዬዋለሁ። ገና አልመለሰልኝም።