የእናቴን ስልክ ለእናቴ ያስረከባት የሽሮ ሜዳው ልጅ

ለአንድ ወጣት ምስጋና ማድረስ እፈልጋለሁ። እግረ መንገዴንም እናት አባት ላላችሁ ሁሉ ልጠቁማችሁ። ሽሮ ሜዳ፣ የሐበሻ ልብስ ከሚሸጥበት ገበያ ትንሽ ወረድ ብሎ ጠባብ የሞባይል ሱቅ አለው። ስሜን አትጻፊ ስላለኝ አልጽፍም። «ስራዬ ነው፣ ምን ያስመሰግናል?» ነበር ያለኝ። እኔ ግን ያስመሰግናል እላለሁ።

እናቴ 67 ዓመቷ ነው። ፈታይ ናት፤ ልጅ ሆና እንዝርት እንደያዘች እስከ ዛሬ አላስቀመጠችውም። ፊደል የቆጠረችው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ቀስ ብላ ታነባለች፣ ያነበበችውንም አትረሳም። ለብዙ ዓመታት የያዘችው ባትሪ የሚያበራውን ባለ ቁልፉን ስልክ ነበር። ካርድ ትሞላለች፣ ትደውላለች፣ ይበቃታል። ኋላ ግን ፈትሏን የሚወስዱት ሸማኔዎች «ማዘር፣ በእጄ ብር አልያዝኩም፣ በቴሌብር ልላክልዎት?» ማለት ጀመሩ። ጂዳ ያለችው እህቴ ደግሞ ሰባት ዓመት ሙሉ ፊቷን ሳታያት ቀርታ ነበርና ባለፈው ጥቅምት በመንገደኛ ስማርት ስልክ ላከችላት።

ደስታው ሳምንት አልቆየም።

መጀመሪያ ስልኩ እጇን እንቢ አለ። ትነካዋለች፣ አይሰማም። ደግማ ጫን ስትለው ያላሰበችው ነገር ይከፈታል። ቀጥሎ ካርዱ። ማታ 100 ብር ሞልቼላት አድራለሁ፣ ጠዋት ልደውል ስትል ቀሪ ሂሳብዎ አነስተኛ ነው ይላታል። ለማንም አልደወለችም። «ይሄ ስልክ ሌሊት የሚበላው ነገር አለ» አለችኝና በነጠላ ጠቅልላ ሳጥኗ ውስጥ ከተተችው። እኔም ከስራ ደክሜ ስመጣ አውጥቼ፣ ከእህቴ ጋር አገናኝቼ፣ መልሼ አስቀምጥላት ነበር። አስተምሪኝ ስትለኝ ሁለቴ አሳይቼ ሦስተኛው ላይ ከእጇ ተቀብዬ ራሴ እነካካዋለሁ። ይህን ሳስብ ዛሬም ያመኛል። ፊደል አስቆጥራ ያሳደገችኝ እሷ ናት።

አንድ ሱቅ ወስጃት ስክሪኑ ሞቷልና 3,500 ብር ክፈሉ አሉን። የት እንደሆነ አልናገርም። ከዚያ ወጥተን ወደ ቤት ስንመለስ ነው ፈትሏን የሚገዛት አንድ ሸማኔ «እዚያ ልጅ ጋ ሂዱ» ብሎ በእጁ ያመለከተን።

ልጁ ስልኩን ከመንካቱ በፊት በርጩማ አቀረበላትና «እማማ፣ እጅዎን ያሳዩኝ» አላት። ጣቶቿን አየ። ጥጥና እንዝርት ሲያሻቸው የኖሩ ጣቶች ናቸው፤ ጫፋቸው ደርቆ ጠንክሯል። «ስልኩ ደህና ነው፣ እርስዎም ደህና ነዎት» አለና እንዲህ ሲል አስረዳት። ስክሪኑ የሚያውቀው በግፊት ሳይሆን በቆዳችን ላይ ባለው ትንሽ እርጥበትና ኤሌክትሪክ ነው፤ ደረቅ ጣት ሲነካው ማንም ያልነካው ይመስለዋል። በላዩ የተለጠፈውን ወፍራም መስታወት ላጠው፣ በስስ ቀየረው፣ ከስልኩ ውስጥ የንክኪ ስሜቱን ከፍ የሚያደርገውን አበራላት። ከመንካቷ በፊትም ጣቷን እርጥብ ጨርቅ ላይ አንዴ እንድታሳርፍ ነገራት። ሰራ። እናቴ ቀና ብላ አየችኝና «እኔ እኮ ደንቁሬ መስሎኝ» አለች። ዞር ብዬ እንባዬን ጠረግሁ።

ቋንቋውን ከዐረብኛ ወደ አማርኛ መለሰው፤ ፊደሉንም ያለ መነጽር እስክታነበው ድረስ አተለቀው። የማትፈልጋቸውን ምስሎች ሁሉ ከፊት አንስቶ አምስት ብቻ አስቀረላት፦ መደወያ፣ መልእክት፣ ኢሞ፣ ቴሌብር፣ ካሜራ።

ካርዱን ማን እንደሚበላው የገለጸላት ግን ለእኔም ትምህርት ሆኖኛል። «እማማ፣ ካርድ በመቀነትዎ የቋጠሩት ብር ነው። ፓኬጅ ደግሞ አስቀድመው በጅምላ የገዙት ጥጥ። ጥጡ እያለ ከጥጡ ይፈትላሉ። ጥጡ ሲያልቅ እንዝርቱ ካልቆመ ከመቀነትዎ በችርቻሮ እየገዛ ይፈትላል፤ ችርቻሮ ደግሞ ውድ ነው።» እንዝርቱ ዳታ ነበር። እሷ ተኝታ ስልኩ በራሱ መተግበሪያዎቹን ያድስ ነበር፤ ኢንተርኔት ሁሌም ክፍት፣ ፓኬጅ ደግሞ ጭራሽ የለም። 100 ብሩን የበላው እሱ ነው። ልጁ ራስ በራስ የሚታደሰውን ዘጋው። ስልኩ ላይ የዳታ ወሰን አደረገላት፤ የወሩ ፓኬጅ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ራሱ ይዘጋል፣ ካርዷን አይነካም። ከዚያ ዳታ ማብሪያና ማጥፊያውን በራሷ ጣት ሃያ ጊዜ ያህል አስደጋገማት። ቆጥሬ አይደለም፣ ግን ሦስት ደንበኛ መጥቶ ጠብቆ ሄዷል።

ልብ ብዬ ያየሁት ነገር፣ ከዚህ በኋላ ስልኩን አንዴም ከእጇ አልተቀበላትም። እጄን ስዘረጋ «እህቴ፣ ተዪአቸው» አለኝ።

ለእኔም ምክር ነበረው። በየጊዜው ካርድ ከምትልኪላቸው በወር አንዴ ፓኬጅ ግዢላቸው፤ ከራስሽ ስልክ በ*999# ወይም በቴሌብር ለሌላ ሰው መግዛት ይቻላል አለኝ። አሁን ደመወዜ እንደገባ መጀመሪያ የማደርገው እሱን ነው። ቀሪ ሂሳቧንም በ*804# ራሷ ታያለች።

ቴሌብሩ ላይ ሐቀኛነቱን አየሁ። «ማዘር፣ ለቴሌብር ብቻ ከሆነ ይሄ ስልክ አያስፈልግዎትም፤ በድሮው ስልክዎ *127# ቢሉ ይበቃዎታል» አላት። ሊሸጥ የፈለገ ሰው እንዲህ አይናገርም። እሷም «የጂዳዋን ልጄን ማየት ነው የምፈልገው» ስትለው አንገቱን ሰበር አድርጎ ወደ ስራው ተመለሰ። ሲሟ በወንድሜ ስም የተመዘገበ ሆኖ ተገኘ፤ ያን ጊዜ እሱ ነበር ያወጣላት። ልጁ እኔ ላስተካክለው አላለም። «ብሩ በልጅዎ ስም እንዳይሆን፣ ሁለታችሁም መታወቂያችሁን ይዛችሁ ቴሌ አገልግሎት ማዕከል ሂዱና ወደ ስምዎ ይዙር፤ ከዚያ ይምጡ» አላት። እንደዚያው አደረግን።

ስትመለስ የሚስጥር ቁጥሯን ስታስገባ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ እኔንም አዞረኝ። ሽልማት ደርሶዎታል፣ በስህተት ብር ልከንልዎታል፣ አሁን የደረሰዎትን ቁጥር ያንብቡልን እያሉ የሚደውሉ አሉና፣ እነሱን እንዴት እንደምትመልስ አስጠናት። ብር መግባቱ የሚታመነው ከ127 መልእክት ሲደርስና ሂሳቡን ራሷ ከፍታ ስታየው ነው፤ ሚስጥር ቁጥሯን ግን ቴሌም ቢሆን አይጠይቃትም። ከጠረጠረች ስልኩን ዘግታ 994 መደወል ነው። በሁለተኛው ሳምንት እውነትም አንዱ ደወለላት። «ልጄ፣ ቁጥሩን ላንተ ከነገርኩህማ የእኔ ምኑ ነው?» ብላ ዘጋችበት። ይህን የነገረችኝ እየኮራች ነው፤ እኔም ኮራሁባት።

ለዚህ ሁሉ፣ ሦስት ቀን ተመላልሰን፣ የተቀበለን 300 ብር ነው፤ ስሱ መስታወት ጭምር። እናቴ ጨምራ ልትሰጠው ስትል ምርቃቱ ይበልጥብኛል አላት። እሷም ቆማ መረቀችው።

አሁን የፈትሏ ሂሳብ ሲገባ መልእክቱን ጮክ ብላ ታነባለች፤ ከልቃቂቱ ጋር አስተያይታ ካልተስማማ ለሸማኔው ራሷ ትደውላለች። ለስልኩ የዳንቴል ኪስ ሰርታለታለች። ባለፈው እሁድ ቡና ላይ ሆና ብቻዋን ኢሞ ከፍታ እህቴ ጋ ደወለች። ከጓዳ ሰማኋቸው። እህቴ «እማዬ፣ ማን ደወለልሽ?» ትላታለች። «ማንም። እኔ ነኝ» አለቻት። ከዚያ ሁለቱም ለረጅም ጊዜ አልተናገሩም።

መሄድ የምትፈልጉ ከሰዓት በኋላ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ሂዱ፤ ሱቁ ጭር የሚለው ያኔ ስለሆነ ለአዛውንቶች የመደበው ሰዓት ነው። እሁድ ዝግ ነው። መታወቂያ ያዙ፣ ሲሙ በማን ስም እንደሆነ አስቀድማችሁ አጣሩ፣ ወላጃችሁንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ስልኩን ብቻ ብትወስዱለት ይመልሳችኋል። ቦታውን በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ሁሉ እነግራለሁ።